«የደሴ ልጅ ብርድ አይነካውም» እና ሌሎች የባሕር ወሬዎች

ኬፕታውን ከጠላቂዎች ጋር ስሠራ ቆይቼ ወደ ኮምቦልቻ ከተመለስኩ ወዲህ አንድ ነገር ሰልችቶኛል። ቡና ላይ ስለ ባሕር ከተነሣ፣ ባሕር በዓይኑ አይቶ የማያውቀው ሁሉ አስተማሪዬ ይሆናል። ወሬ ስለሆነ ዝም እል ነበር። አሁን ግን የእህቴ ልጅ እዚያው ኬፕታውን ገባ። የመጥለቅ ኮርሱን የወሰደው በደርባን በኩል፣ ሞቃቱ የሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ነው። በቀደም ደወለና ከጓደኞቹ ጋር በአትላንቲክ በኩል ካለች፣ በድንጋይ ከተከበበች ትንሽ የባሕር ጉያ፣ ከዳር ተነሥተው ሊጠልቁ እንደሆነ ነገረኝ። ስለ ብርዱ ምን አሰባችሁ አልኩት። «ጋሼ፣ የደሴ ልጅ ነኝ እኮ!» አለና ሳቀ። እናቱም ከጎኔ ተቀምጣ አብራ ሳቀች። «ልጄን አታስፈራራብኝ» አለችኝ።

እሺ፣ አላስፈራራም። ወሬውን አንድ በአንድ ላንሣው።

«የሚያዝሉት ኦክስጅን ነው።» አይደለም፣ አየር ነው። ጎሚስታው ጎማችሁ ላይ የሚሞላው ዓይነት አየር ነው፤ ልዩነቱ ተጣርቶ እርጥበቱ መውጣቱ ነው። ንጹሕ ኦክስጅን እየሳበ ከ6 ሜትር በታች የወረደ ሰው ሊመረዝ ይችላል። እዚያው ውኃ ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል።

«ጎበዝ ዋናተኛ ጎበዝ ጠላቂ ነው።» ዋናተኛ እጁን ያወናጭፋል። ጠላቂ እጁን አጣጥፎ ዝም ማለት አለበት። ዋናተኞችን ማስተማር የሚያደክመው ለዚህ ነው።

«ሻርክ ይበላሃል።» ስለ ሻርክ የጠየቀኝ ሰው ብዙ ነው። ስለ ሞገድ የጠየቀኝ ግን የለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ የደሴ ልጅና ብርድ። ደሴን መናቄ አይደለም። የጦሳን የጠዋት ብርድ እናውቀዋለን፤ እኛ ኮምቦልቾች የሐረጎን ዳገት ስንጀምር ጃኬት የምንደርበው ለዘነጣ አይደለም። ግን የደሴ ብርድ የአየር ብርድ ነው። ውኃ ከሰውነት ላይ ሙቀት የሚወስደው ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ነው። 12 ዲግሪ በሆነ የደሴ ማለዳ ሹራብ ለብሶ በረንዳ ላይ ቡና ይጠጣል። 12 ዲግሪ ውኃ ሌላ ዓለም ነው።

ብርዱ ቀስ ብሎ የሚገባ ይመስላቸዋል። በመጀመሪያው ደቂቃ ላይ ነው የሚመታው። ቆዳ በድንገት ሲቀዘቅዝ ሰውየው ሳያስበው አንድ ትልቅ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይስባል። ከዚያ ማለክለክ ነው። ልብ ይሮጣል፣ የደም ግፊት ይወጣል። ይህ የጀግንነት ጉዳይ አይደለም፤ ወጠምሻውም ቀጫጫውም እኩል ነው የሚስበው። ያ የመጀመሪያ ትንፋሽ ፊቱ ውኃ ውስጥ እያለ፣ አፉ ላይም ምንም ሳይኖር ከመጣ፣ የሚገባው ውኃ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ከገደላቸው ሰዎች ብዙዎቹ የሞቱት ሰውነታቸው ገና ሳይቀዘቅዝ ነው።

መልመድ የለም ወይ? አለ። የሚለመደው ግን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ደጋግሞ በመግባት ነው። ደሴ ተወልዶ በማደግ የሚገኝ አይደለም። በረንዳ ላይ መቀመጥም አይቆጠርም።

ከመጀመሪያው ድንጋጤ በኋላ የጣቶች ተራ ይመጣል። ሰውነት ልብንና ሳንባን ለማሞቅ ሲል ደሙን ከእጅና ከእግር ይሰበስባል። በደቂቃዎች ውስጥ ጣት ይደነዝዛል። ዋናተኛ ቢሆን ይዘገያል እንጂ ምንም አይደል ትሉ ይሆናል። ጠላቂ ግን ሕይወቱ ያለው ጣቱ ላይ ነው። አየር እየተሞላ የሚያንሳፍፈውን የጠላቂ ጃኬት አየር መሙያ የሚጫነው፣ ጭምብሉን የሚያስተካክለው፣ ለክብደት የሚታጠቀውን የእርሳስ (የብረቱን) ቀበቶ የሚፈታው በጣቱ ነው። እዚያ እያለሁ አንድ ግዙፍ ሰው፣ ተራራ ወጪ ነኝ እያለ ሲኩራራ የነበረ፣ ጓንት አላደርግም አለ። ሲመለስ ውኃው ላይ ተንሳፍፎ ቀበቶውን ይነካካል፤ መፍታት ግን አልቻለም። ጣቱ ዘለበቱን አልሰማ አለ። ጓደኛው ነው የፈታለት። ወሩ ታኅሣሥ ነበር፣ ፀሐዩም አናት ይበሳል።

አየሩንም ብርድ ይበላዋል። ሒሳቡ ይኸውላችሁ። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር፣ ጀርባ ላይ የሚታዘለው ማለት ነው፣ በ200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይዟል። ከዚህ ውስጥ 50 ባሩ፣ ማለትም 600 ሊትሩ፣ መጠባበቂያ ስለሆነ አይነካም። የቀረው 1,800 ነው። የተረጋጋ ሰው ምድር ላይ በደቂቃ 20 ሊትር ቢስብ፣ 20 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ ሦስት እጥፍ ስለሆነ 60 ሊትር ይፈጃል። 30 ደቂቃ ማለት ነው። በርዶት የሚያለከልከው ደግሞ 30 ሊትር ከሳበ፣ እዚያው ጥልቀት ላይ 90 ይፈጃል። 20 ደቂቃ ብቻ። ያቺ የጠፋችው 10 ደቂቃ መመለሻው ነበረች።

ስለዚህ የእህቴ ልጅ ሆይ፣ የሚደረገው እንዲህ ነው። ባለ 7 ሚሊሜትር ዌትሱት፣ ማለትም የላስቲክ የጠላቂ ልብስ፣ ከነቆቡ፣ ከነጓንቱና ከነጫማው፤ ገንዘብ ካለህ ሰውነትን ደረቅ የሚያቆየው ድራይሱት። ቆቡ ጸጉሬን ያበላሽብኛል የሚል ካለ ዳር ላይ ልብስ ይጠብቅ። ስትገባ አትዝለል። ሬጉሌተሩን፣ ከሲሊንደሩ አየር የምትስብበትን መሣሪያ፣ አፍህ ላይ አድርገህ ወገብህ ድረስ ግባ፣ ፊትህንና አንገትህን አርጥብ፣ ትንፋሽህ እስኪረጋ ቁም። ከረጋ በኋላ ውረድ። የመጀመሪያው መንቀጥቀጥ ሲመጣ ጉዞው አልቋል፤ አየሩ ቢተርፍም አልቋል። ከእናንተ አንዱ ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ድንገት ቢያቆም፣ ሞቀው ብላችሁ እንዳትደሰቱ። ሰውነቱ ተሸንፎ ይሆናል። ንግግሩ ከተጎተተ ወይም ከተደናበረ ደግሞ ሆስፒታል ነው።

«ዌትሱት ውኃ አያስገባም።» ያስገባል። የገባችው ጥቂት ውኃ በሰውነትህ ሙቀት ትሞቃለች፤ ብርዱን የሚከላከለው ደግሞ ላስቲኩ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአየር ኪሶች ናቸው። በጥልቀት እነሱም ይጨመቃሉ፣ ልብሱ ይሳሳል። 20 ሜትር ላይ የሚበርደው ዳር ላይ ሲሞክረው በላብ የራሰበት ያው ልብስ ነው። ልብሱ ሲሳሳ ማንሳፈፉም ስለሚቀንስ ጠላቂው እየከበደ ይሄዳል። ዳር ላይ «ትንሽ እርሳስ ጨምርልኝ» የሚሉ ሰዎች ይህን ይረሱታል።

«በበጋ ውኃው ይሞቃል።» ይህቺ በጣም ታናድደኛለች፣ ምክንያቱም ምክንያታዊ ትመስላለች። የኬፕታውን በጋ ከእኛው በጋ ጋር ይገጥማል፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት። በአትላንቲክ በኩል ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በበጋ ኃይለኛ የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል። የላዩን የሞቀ ውኃ ወደ መሐል ባሕር ይገፋዋል፤ በቦታው ከጥልቁ ቀዝቃዛው ይወጣል። አየሩ 30 ዲግሪ በሆነበት ቀን ውኃው 10 ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። በክረምቱ ግን 13፣ 14 ይደርሳል። ለማንኛውም ጠላቂዎች በዚያ በኩል በጋውን ነው የሚመርጡት፤ ሞገዱ ይቀንሳል፣ ያ ቀዝቃዛ ውኃ እንደወጣም ጥርት ያለ ነው። ፀሐዩን አይቶ ልብስ የሚቀንስ ግን ቴርሞሜትር ይግዛ።

ውኃው ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ሌላም ጣጣ አለ። ታምቆ የነበረ አየር ሲለቀቅ ይቀዘቅዛል። ሬጉሌተሩ ውስጥ በረዶ ይሠራና ቫልቩ ተከፍቶ ይቀራል፤ አየሩ እየተንፎለፎለ ይወጣል። ለቀዝቃዛ ውኃ የተሠራ ሬጉሌተር ተከራይ። እየተነፈስክ በዚያው ቅጽበት ጃኬትህን አትሙላ። ከተንፎለፎለ አፍህ ላይ እንዳለ እየሳብክበት፣ ከጓደኛህ ጋር በረጋ ፍጥነት ውጣ።

«ከዳር መግባት ከጀልባ ይቀላል።» ማን እንዳስወራው አላውቅም። ጀልባ በር ላይ አድርሶ ይመልስሃል። ከዳር ስትገባ ያን ሁሉ ብረት ተሸክመህ በሚያዳልጥ ድንጋይ ላይ ትራመዳለህ፤ ደክመህ ስትመለስም በዚያው ነው። ሞገድ ደግሞ በቡድን በቡድን ነው የሚመጣው። ትንንሾቹ ይመጣሉ፣ ይረጋል፣ ከዚያ ትልልቆቹ ይከተላሉ። ደርሶ ወዲያው የገባ ሰው ትንንሾቹን ብቻ አይቶ ነው። 20 ደቂቃ ተቀመጥና ተመልከት። ሰማዩ ጠራ፣ ነፋስ የለም ማለት ባሕሩ ተኝቷል ማለት አይደለም፤ እዚያ የሚደርሰው ትልቅ ሞገድ ከደቡብ በኩል ከሩቅ ማዕበል ተነሥቶ የመጣ ነው። ስለዚህ ትንበያው ላይ የሞገዱን ቁመት ብቻ አትይ፤ በአንዱና በሌላው መካከል ስንት ሰከንድ እንዳለም እይ። ሰከንዱ በረዘመ ቁጥር ዳር ላይ ኃይሉ ይበረታል።

ከመግቢያው በፊት መውጫውን ምረጥ፣ አንድ ሳይሆን ሁለት። አየርህን ለሦስት ክፈለው፤ አንዱ መሄጃ፣ አንዱ መመለሻ፣ አንዱ ለጓደኛህ። ኮምፓስ ያዝ። ዳር ላይ የማይጠልቅ ሰው ይቅር፣ ስንት ሰዓት እንደምትወጡና ማን ጋር እንደሚደውል ይወቅ። በዚያ ጉያ ውስጥ እንደ ዛፍ የቆመ ትልቅ የባሕር ተክል አለ፣ ኬልፕ ይሉታል። «ጠምዝዞ ያስቀራል» የሚለው ወሬ ውሸት ነው፤ የሚጠመዝዘው የሚታገለውን ነው። ከሥሩ ተረጋግቶ ለሚያልፍ መንገዱ ክፍት ነው። ይህ ማለት ግን መመለሻህን ከሥር ለመምጣት የሚበቃ አየር ይኑርህ ማለት ነው።

«ሲወጣ አንድ መለኪያ አረቄ ያሞቀዋል።» የምንወደው ስሕተት ነው። አረቄ የቆዳን የደም ሥሮች ይከፍታል። ፊት ይሞቃል፣ የውስጡ ሙቀት ግን በዚያው ይወጣል። እርጥቡን አውልቆ ደረቅ መልበስ፣ ከነፋስ መሸሽ፣ የሚጣፍጥ ሻይ መጠጣት ይበቃል። በጣም የቀዘቀዘውን ሰው እጁን እግሩን አትሹት፣ ሩጥ አትበሉት። በጣም ሙቅ ሻወርም ወዲያው አይገባም።

የመጨረሻው ወሬ ከሰፈራችን የተነሣ ነው። «ባሕር ለምን ሩቅ ትሄዳላችሁ፣ ሐይቅ አለ አይደል!» የሚሉኝ ወጣቶች አሉ፤ ከደሴ በስተሰሜን፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለውን ሐይቅ ማለታቸው ነው። የሐይቅ ውኃ እንደ አትላንቲክ አይቀዘቅዝም፣ እውነት ነው። ጥልቀቱም ከ80 ሜትር ያልፋል። ግን «20 ሜትር የትም 20 ሜትር ነው» የሚሉት ላይ ተሳስተዋል። ሐይቅ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ነው። ጠላቂ ሲወጣ ከተነፈሰው አየር ሰውነቱ ውስጥ የተጠራቀመው ናይትሮጅን አረፋ የሚሠራው ግፊቱ በስንት እጥፍ እንደቀነሰ ታይቶ ነው። በዚያ ሒሳብ ሐይቅ ላይ 20 ሜትር መውረድ ባሕር ላይ 25 ሜትር ገደማ እንደመውረድ ነው። በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየው፣ ለባሕር የተሠራው ሠንጠረዥ ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ ሳይስተካከል አይሠራም፤ ያንኑ ሒሳብ የሚሠራው የጠላቂው ኮምፒውተርም ከፍታውን ማወቅ አለበት። ከዚያ ደግሞ መመለሻው አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። እኛ ኮምቦልቾችም ብንሆን ከሐይቅ የምንመለሰው በደሴ በኩል ነው። ከውኃው ወጥቶ ወዲያው ሚኒባስ መያዝ ማለት ግፊቱን እንደገና መቀነስ ማለት ነው።

ይኸው ነገር ጅቡቲ ለሚመላለሱት ይብሳል። ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ከኅዳር ጀምሮ ትልልቆቹ ዌል ሻርኮች ይመጣሉ፤ ሰው ሊያያቸው ይገባል፣ ጥሩ ነው። ግን ጠዋት ጠልቆ፣ በዚያው ቀን በጋላፊና በሚሌ አድርጎ፣ ባቲን አልፎ ኮምቦልቻ ማደር አይቻልም። ጠልቆ አውሮፕላን ለመሳፈር የሚሰጠው መመሪያ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ለመንዳትም ያገለግላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ለጠለቀ 18 ሰዓት ይጠብቃል። ደሴ ከዚያም በላይ ስለሆነች ለደሴዎች ሙሉ ቀን እላለሁ። መንገድ ላይ ትከሻ ወይም ጉልበት ማመም ከጀመረ፣ ቆዳ ከደነዘዘ፣ መቀመጫው ነው ብላችሁ ዳገቱን አትቀጥሉ። ቁሙ፣ የቅርቡ ጤና ተቋም ኦክስጅን ስጡኝ በሉ፣ ጠልቄ ነበር ብላችሁም ንገሯቸው። ካልተነገራቸው ማንም ሕመሙ ከዚያ ከናይትሮጅን አረፋ መሆኑን አይጠረጥርም።