በተሄደው ልክ የሚከፈል የጭነት መኪና መድን

ከለገሃር እስከ ሰንጋ ተራ ባለው የመሃል አዲስ አበባ ክፍል ባንኩም መድኑም ደጃፍ ለደጃፍ ነው። የከባድ መኪና ባለንብረት ሊብሬውን ይዞ ከአንዱ መድን ቢሮ ቢገባ ጥያቄው የታወቀ ነው። መኪናው ስንት ያወጣል? የስንት ዓመት ሥሪት ነው? የራስዎን ዕቃ ነው የሚጭነው ወይስ ለኪራይ ነው የሚሠራው? ስንት ኩንታል ይጭናል? አረቦኑ፣ ማለትም የመድኑ ክፍያ፣ ከዚህ ተነስቶ ለዓመቱ ይቆረጣል። ባለፈው ዓመት ካሳ ያልጠየቀ ቅናሽ ያገኛል።

መኪናው በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ግን ዋጋው ውስጥ እምብዛም አይገባም። መለዋወጫ ጠፍቶ ጋራዥ ሦስት ወር የቆመ ተሳቢም፣ ጅቡቲ የሚመላለሰውም እኩል ይከፍላሉ። በአጠቃቀም ልክ የሚተመን መድን የመጣው ይህን ለማስተካከል ነው። መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባው የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ስለሆነ እሱን እንለፈው። ጉዳያችን ባለንብረቱ ከዚያ በላይ ለራሱ መኪና የሚገዛው ሙሉ ዋስትና ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ብዙ መኪና ያላቸው የትራንስፖርት ድርጅቶች በየወሩ የሄዱትን ማይል ወይም ያገኙትን ገቢ እያሳወቁ አረቦን ሲከፍሉ ኖረዋል። መጀመሪያ መያዣ ያስይዛሉ፤ በዓመቱ መጨረሻ መድኑ መዝገቡን መርምሮ ሒሳቡን ያስተካክላል። ፕሮግረሲቭ የተባለው ኩባንያ በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ቴክሳስ ውስጥ በመሣሪያ የሚለካ የመኪና መድን ሞከረ። ከታኅሣሥ 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ አብዛኛው የአገሪቱ የረጅም ርቀት ሹፌር የሥራ ሰዓቱን በኤሌክትሮኒክ መመዝገቢያ እንዲይዝ ግድ ሆነ። መረጃው በእጅ ስላለ መድኖች ለዋጋ ይጠቀሙበት ጀመር።

አንዱ አማራጭ ኪሎ ሜትር መቁጠር ነው። በምሳሌ እንየው። የዓመቱ አረቦን 120,000 ብር ነው እንበል። ከዚህ 48,000ው መኪናው ቆሞም ስለሚሰረቅና ስለሚቃጠል በቋሚነት ይከፈላል። የቀረው 72,000 ብር ለ60,000 ኪሎ ሜትር ሲካፈል በኪሎ ሜትር 1.20 ብር ይመጣል። 35,000 ብቻ የሄደ በድምሩ 90,000 ብር ይከፍላል፤ 80,000 የሄደ 144,000። ባለንብረቱ ማሰብ ያለበት ይህን ሁለተኛውን ቁጥር ነው። ሥራ የደራለት ሰው በዚህ ስሌት ይጎዳል።

ሁለተኛው አማራጭ አነዳዱን ይመለከታል። ፍጥነት፣ ድንገተኛ ፍሬን፣ የሌሊት ጉዞ፣ ያለ ዕረፍት የተነዳ ሰዓት በጂፒኤስ ይመዘገባሉ። ለእኛ አገር እኔ የማደላው ወደዚህ ነው፤ ኪሎ ሜትር ሁሉ እኩል አይደለምና። መሃል ከተማ ሲሚንቶ የሚያራግፍ ኤፍኤስአር መንገዱ አጭር ነው፤ መስታወትና ፓራውልት ግን ቶሎ ቶሎ ያስነካል። ከአዋሽ ወደ ሚሌ የሚወርደው ተሳቢ የሚነካው ብዙ ላይኖር ይችላል። በዚያ ሙቀት ጎማ ቢፈነዳ ወይም ሹፌሩን እንቅልፍ ቢወስደው ግን መኪናውም ጭነቱም ይሄዳል።

እዚህ ላይ ሹፌሩ ይመጣል። ቅናሹ ለባለንብረቱ፣ ቁጥጥሩ ለሹፌሩ ከሆነ መሣሪያው ዕድሜ አይኖረውም፤ ገመዱ «በራሱ» ይነቀላል። ከቅናሹ ጥቂት ለሹፌሩ መወርወር አያከስርም። በምልልስ የሚከፈለውን አበል ሳይነኩ ፍጥነት ቀንስ ማለትም ውኃ አያነሳም።

ብዙ ባለንብረቶች ጂፒኤስ ያስገጠሙት መኪናቸው የት እንደደረሰ ለማወቅ ስለሆነ መሣሪያው በከፊል አለ። የቀረው ውሉ ነው። ትንሹ የአረቦን ወለል ስንት ነው? ኔትዎርክ በሌለበት መንገድ የተሄደው በምን ይቆጠራል፣ በመኪናው ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወይስ በግምት? አደጋ ሲደርስስ መድኑ የፍጥነት መዝገቡን ካሳ ለመከልከል ሊያወጣው ይችላል? ይህ የመጨረሻው ከመፈረም በፊት በጽሑፍ መልስ የሚያስፈልገው ነው።