በአማካሪ ድርጅት ውስጥ የሚወለዱ ፈጠራዎች ለምን ገበያ አይደርሱም? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከደሴ ሐረጎን ወርደን ለኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የማማከር ሥራ እንሠራለን። ስለ ሙያችን ደጋግመን የምንሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ።

«አማካሪ ሐሳብ ሞልቶታል፤ ፈጠራ አይቸግረውም።»

ሐሳብ አላነሰንም፤ ያጠረን ጊዜ ነው። አማካሪ ገንዘብ የሚያገኘው ለደንበኛ በሠራበት ቀን ነው። አንድ ባለሙያ ለድርጅቱ የራሱን መሣሪያ (እንደ መከታተያ ሰንጠረዥ ያለ) ሲሠራ ሦስት ሳምንት ቢቆይ የሦስት ሳምንት ገቢ ይቀራል፤ ደመወዙ ግን ይከፈላል። የደንበኛ ሥራ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚቋረጠው ይኸው የራሳችን ሥራ ነው።

«አንድ ደንበኛ ከወደደው ለሁሉም ይሸጣል።»

አንድ የሽመና ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ኃላፊው ቅባት በነካው ደብተር ላይ ከየማሽኑ ቁጥር ጎን «ቆመ» ብቻ ይጽፍ ነበር። እኛ በኤክሴል ሰንጠረዥ ሠርተን ምክንያቱን ከፋፈልነው፦ መለዋወጫ ጠፍቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ኦፕሬተር ቀርቶ። በወሩ መጨረሻ ችግሩ የት እንዳለ ፍንትው ብሎ ታየ። ሰንጠረዡን ሁለተኛ ፋብሪካ ስንወስደው ግን አልሠራም። የማሽኖቹ አሰያየም ሌላ፣ የፈረቃው ሰዓት ሌላ። ሰንጠረዡ በመጀመሪያው ፋብሪካ የሠራው የእኛ ባለሙያ አጠገቡ ስለነበረ ነው። ያለ እኛ እንዲሠራ ማድረጉ ሰንጠረዡን ከመሥራቱ እጅግ የበለጠ ጊዜ ወሰደብን።

«እኛ ስለሠራነው የእኛ ነው።»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይጎዳል። በኢትዮጵያ የቅጂ መብት ሕግ (አዋጅ ቁጥር 410/1996) መሠረት፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ (የማባዛትና የመሸጥ መብቱ) የአዛዡ ነው። ስለዚህ ውል ከመፈረሙ በፊት «መሣሪያው የአማካሪው ነው፤ ደንበኛው የመጠቀም ፈቃድ አለው» የሚል አንቀጽ መግባት አለበት። እኛ ይህን ያወቅነው አንድ ሥራ ካመለጠን በኋላ ነው።

«ፓተንት ካወጣን ማንም አይነካብንም።»

ፓተንት ለፈጠራ ባለቤት የሚሰጥ የብቸኝነት መብት ነው። የፈጠራ አዋጁ (123/1987) ግን የንግድ ሥራ ዘዴንና የኮምፒውተር ፕሮግራምን በፓተንት አይሸፍንም። ፕሮግራሙን የሚጠብቀው የቅጂ መብት ነው፤ እሱም የተጻፈውን እንጂ ሐሳቡን አይደለም። ለምሳሌ፣ ዛሬ ማንኛውም የፕሮጀክት ሥራ አመራር ተማሪ የሚማረው ፐርት የተባለው የዕቅድ ዘዴ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለፖላሪስ ሚሳኤል ፕሮግራም ሲያዘጋጀው ቡዝ አለን የተባለው አማካሪ ድርጅት አብሮ ሠርቶበታል። አሁን ማንም በነፃ ይጠቀምበታል።

«መሣሪያው ከምክሩ ጋር አብሮ ይመጣል።»

ደንበኛ እንዲህ የሚለው እኛ ስላስለመድነው ነው። አሁን ፕሮፎርማ ላይ ምክሩን ለብቻ፣ መሣሪያውን ለብቻ፣ ዓመታዊ ድጋፉን ለብቻ እንጽፋለን። አንዳንዱ ሦስተኛዋን መስመር ይሰርዛታል። የሽመና ፋብሪካው የጥገና ኃላፊ ግን አልሰረዛትም፤ አሁንም ቅዳሜ ጠዋት ይደውላል፣ ስልኩን የሚያነሳም ደመወዝተኛ ሰው አለን።