ስለ ዛርማ ግሶች የምንሳሳታቸው ነገሮች

ዛርማ በኒጀር ከሃውሳ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚናገረው ቋንቋ ነው። ኒያሜና ዶሶ አካባቢ በየገበያው ይሰማል። ስለ ግሶቹ ግን የተዛቡ ነገሮች ይነገራሉ። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ዛርማ ትናንትን ከነገ አይለይም።»
ይለያል እንጂ! ግሱ ግን ስለ ቀን አይጨነቅም። እሱን የሚያሳስበው ድርጊቱ አለቀ ወይስ አላለቀም የሚለው ነው። ቀኑን «ቢ» (ትናንት) እና «ሱባ» (ነገ) ይናገሩታል። እኛስ «ይመጣል» ስንል ሁልጊዜ ነው ወይስ ነገ? አጠገቡ ካለው ቃል ነው የምናውቀው።

«ጋ የትንቢት (የወደፊት) ጊዜ ምልክት ነው።»
«አይ ጋ ሃው ኔራ» ማለት «ላም እሸጣለሁ» ነው («አይ» እኔ፣ «ሃው» ላም፣ «ኔራ» መሸጥ)። ነገ ልሸጥ ይሆናል፤ ወይም ኑሮዬ ላም መሸጥ ነው። «ጋ» ያላለቀውን ሁሉ ይይዛል። አሁን እየሸጥኩ ከሆነ «ጎ» ይታከላል፦ «አይ ጎ ጋ ሃው ኔራ»።

«ና የኃላፊ ጊዜ ምልክት ነው።»
ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። «አይ ና ሃው ኔራ» ማለት «ላም ሸጥኩ» ነው፤ እስከዚህ ልክ ይመስላል። ግን «ሄድኩ» ለማለት «አይ ኮይ» ይበቃል። «ና» የለም፤ ምክንያቱም ተሳቢ የለም። «ና» የሚመጣው ድርጊቱ ሲያልቅና ከግሱ በፊት ተሳቢ ሲኖር ነው። ደግሞ ያለቀ ማለት ያለፈ ማለት አይደለም። «አይ ፋርጋ» የሚል ሰው ድካሙ አሁን ነው የሚሰማው። እኛም እኮ «ደከመኝ» ነው የምንለው! ቅርጹ የኃላፊ፣ ድካሙ የአሁን። እኔ ይህን ሳስተውል ዛርማ በጣም ቀረበኝ።

«ግሱ ስለማይለወጥ ሰዋስው የለውም።»
ይህ አባባል ያናድደኛል። እርግጥ ነው፣ «ሄድኩ፣ ሄድክ፣ ሄደ» ለማለት «አይ ኮይ፣ ኒ ኮይ፣ አ ኮይ» ነው፤ «ኮይ» ንቅንቅ አይልም። ሥራው ያለው ከፊቱ ባሉት ትንንሽ ቃላት ላይ ነው። አሉታው እንኳ ሁለት ነው፦ «አይ ማና ኮይ» አልሄድኩም፣ «አይ ሲ ኮይ» አልሄድም። አንዲት ቀለም ብትዘነጋ ነገሩ ይገለበጣል። «አ ማና ኮይ» ማለት «አልሄደም» ነው፤ «አ ማ ኮይ» ደግሞ «ይሂድ»።