የደም ዓይነትና አስም፦ ዝምድናቸው እስከ ምን ድረስ ነው?

የደም ዓይነት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ደም መለገስን ወይም ቀዶ ሕክምናን ነው። ተመራማሪዎች ግን ሌላም ጥያቄ ይዘው ከርመዋል። ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ ወይም ኦ መሆን ለአስምና ለአፍንጫ አለርጂ (ብዙዎቻችን «ሳይነስ» ለምንለው) ያጋልጣል? አጭሩ መልስ፦ ቀጭን ክር አለ፤ ነገር ግን ማን እንደሚታመም አስቀድሞ ለመናገር አያበቃም። ክሩ የሚያልፍበት ቦታ ግን በጣም የሚገርም ነው።

የደም ዓይነትን የለየው ኦስትሪያዊው ሐኪም ካርል ላንድስታይነር ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ቪየና ላይ የተለያዩ ሰዎችን ደም እያቀላቀለ፣ አንዳንዱ ሲጓጉል ሌላው እንደማይጓጉል አሳየ። በ1930 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዛሬም ላብራቶሪ ውስጥ ምርመራው በዚሁ መንገድ ይሠራል። ከጣት የተወሰደ ደም ስላይድ ላይ ለየብቻ ጠብ ጠብ ይደረጋል። አንዱ ጠብታ ላይ ሰማያዊ ፈሳሽ፣ ሌላው ላይ ቢጫ ፈሳሽ ይጨመራል። ከዚያ ቀላቅለው ስላይዱን ወዲያና ወዲህ ዘንበል ዘንበል ያደርጉታል። ሰማያዊው ጋ ያለው ከጓጎለ ኤ ነው። ቢጫው ጋ ያለው ከጓጎለ ቢ። ሁለቱም ከጓጎሉ ኤቢ። ሁለቱም እንዳሉ ከቀሩ ኦ።

ልዩነቱን የሚያመጣው ስኳር ነው። በቀይ የደም ሴል ገጽ ላይ አጫጭር የስኳር ሰንሰለቶች አሉ። በ9ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ ዘረመል በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ምን እንደሚጨመር ይወስናል። ኤ የሆነ ሰው አንድ ዓይነት ስኳር፣ ቢ የሆነ ሌላ ዓይነት ይጨመርለታል፤ ኤቢ ሁለቱንም። ኦ ላይ ምንም አይጨመርም።

እነዚህ ስኳሮች ታዲያ ደም ላይ ብቻ አይደሉም። በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ከአስር ሰው ስምንቱ ገደማ በምራቁ፣ በንፍጡና በአክታውም ያወጣቸዋል። እንዲህ ያሉትን ሰዎች ባለሙያዎች «ሰክሪተር» ይሏቸዋል። ይህን የሚወስነው ኤፍዩቲ2 የሚባል ሌላ ዘረመል ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች እኩል ኦ ሆነው፣ የአየር ቧንቧቸውን የሚሸፍነው አክታ ግን የተለያየ ሊሆን ይችላል።

አክታ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። አቧራውን፣ ቫይረሱን፣ ባክቴሪያውን የሚይዘው እሱ ነው። ብዙ ተሕዋስያን ሰውነት ላይ የሚጣበቁት ስኳር ይዘው ነው። ለምሳሌ ሰክሪተር ያልሆኑ ሰዎች ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣው ኖሮቫይረስ በአብዛኞቹ ዝርያዎቹ አይበረታባቸውም። ኦ የሆኑ ሰዎች ከከባድ ወባ በተወሰነ ደረጃ እንደሚጠበቁም ይታወቃል። አስም ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚነሳው በጉንፋን ሰበብ ነው። ጥያቄው ከዚህ አንጻር ሲታይ መሠረት አለው።

ወደ ጥናቶቹ ስንገባ ነገሩ ይወሳሰባል። በ1996 በፈረንሳይ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች ላይ የወጣ ጥናት ነበር። የትንፋሽ አቅም ማነስና የደረት ማፏጨት በተለይ ኦ ሆነው ሰክሪተር ባልሆኑት ላይ ጎልቶ ተገኘ። በ2005 ታይዋን ውስጥ በሕፃናት ላይ የተደረገው ግን አስምን ያገናኘው ኦ ሆነው ሰክሪተር ከሆኑት ጋር ነው። በ2011 ከአሜሪካ የወጣውም ኦና ሰክሪተር የሆኑ የአስም ሕሙማን ለከባድ መባባስ ይበልጥ እንደሚጋለጡ አመለከተ። በ2020 የዴንማርክ ተመራማሪዎች ሁለቱ ዘረመሎች ተጣምረው ከልጅነት አስምና ሳንባ ምች ከሚያመጣ ባክቴሪያ ጋር እንደሚያያዙ ጻፉ። ለእኔ ከሁሉም ሚዛን የሚደፋው ይህ የመጨረሻው ነው። የደም ዓይነትን ብቻውን ሳይሆን ከሰክሪተርነት ጋር አጣምሮ አይቶታልና።

የቀሩት ብዙ ትንንሽ ጥናቶች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። አንዱ ኤ ይላል፣ ሌላው ቢ፣ ሌላው ምንም የለም። ዋናው ችግር ያለው ንጽጽሩ ላይ ነው። የደም ዓይነት ስርጭት ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል። ከደቡብ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ብዙዎቹ ሁሉም ማለት ይቻላል ኦ ናቸው፤ በሕንድና በመካከለኛው እስያ ቢ ይበዛል። ሕሙማኑ ከአንድ ማኅበረሰብ፣ ጤነኞቹ ከሌላ ከመጡ የሚታየው ልዩነት የዘር ሐረግ እንጂ የበሽታ አይደለም። ደም ለጋሾችን እንደ ጤነኛ ማነጻጸሪያ መውሰድም ያሳስታል። ደም ባንክ ኦ የሆነውን ሰው አጥብቆ ይፈልጋል፤ አስሙ የበረታበት ደግሞ አይለግስም።

አካባቢ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማየት ጅማ ትበቃለች። በ1997 የወጣው የጅማ ጥናት የደረት ማፏጨትና አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው እንደሚበዛ አሳየ። ከተማ ውስጥ አስሙ በፍራሽና በአቧራ ውስጥ ከሚኖሩ፣ በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ፍጥረታት አለርጂ ጋር ይያያዝ ነበር። በ2001 የወጣው ተከታዩ ጥናት ደግሞ መንጠቆ ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው የማፏጨት ዕድሉ ያነሰ ሆኖ አገኘ። ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ላይም አስም እዚያ ከኖሩ በኋላ በርከት ብሎ ታይቷል። የእነዚህ ሰዎች የደም ዓይነት አገር ሲቀይሩ አልተቀየረም። የተቀየረው ቤቱ፣ አየሩ፣ ምግቡና ተሕዋሱ ነው።

የደም ዓይነት በአለርጂ ላይ በእርግጥ የሚታይበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱ ግን ሳንባ አይደለም። መዥገር ነክሷቸው ለቀይ ሥጋ አለርጂ የሚሆኑ ሰዎች አሉ። ቢ የሆኑ ሰዎች ለዚህ ብዙም አይጋለጡም። አለርጂውን የሚቀሰቅሰው ስኳር ከቢ ስኳር ጋር ስለሚመሳሰል ሰውነታቸው እንደ ባዕድ አያየውም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 አስም ያለባቸውን ሰዎች 262 ሚሊዮን፣ በዚያው ዓመት የሞቱትን 455 ሺህ ብሎ ገምቷል። አብዛኞቹ የሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። አስምን ለመለየት ሐኪም የሚጠይቀው ሳሉ ሌሊት ይብስ እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ከሰል ወይም እንጨት ይነድ እንደሆነ፣ ከቤተሰብ አስም ያለበት እንዳለ ነው። የትንፋሽ ጉልበት በመሣሪያ ይለካል፣ ለአለርጂ ቆዳ ላይ ይመረመራል። የደም ዓይነት ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ሕክምናውም ለኦ ሆነ ለቢ ያው ነው። ሰማያዊዋ ሳልቡታሞል ኢንሄለር የተጨነቀውን ቧንቧ ለጊዜው ትከፍታለች። ውስጡ ያለውን ብግነት የሚያበርደው ግን የሚሳበው ስቴሮይድ ነው፤ ሕመሙ ቀለል ሲልም ሐኪም ሳያማክሩ አይቋረጥም።