የሥራና የቤተሰብ ግጭት ምንድን ነው? ሰውንስ እንዴት ሥራ ያስጠላዋል?

ጅማ መርካቶ አካባቢ አንድ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ሆኜ ስሠራ (የቱ እንደሆነ ይቅር) ከጎኔ መስኮት የምትሠራ የስምንት ወር ልጅ እናት ነበረች። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ በሩ ተዘግቶ ሒሳብ ስናስታርቅ የእሷ 200 ብር ጎደለ። ሾርት (የገንዘብ ጉድለት) ከመጣ ደግሞ እስኪገኝ ማን ይወጣል? እንደገና ስትቆጥር ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ይንዘፈዘፋል። ቤት ያለችው ሠራተኛ ናት። «እትዬ፣ ሕፃኑ ጡጦውን እምቢ አለ፣ መቼ ነው የሚመጡት?» «መጣሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ» አለች፣ ገና አንድ እስር ብር ቆጥራ ሳትጨርስ። ለካ ሁለት ባለ 200 ኖቶች ተጣብቀው እንደ አንድ ተቆጥረው ኖሯል። ስንወጣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ወደ ሰፈሯ ወደ ቆጪ የሚሄድ ባጃጅ የለም። በማግስቱ «ተኝቶ ደረስኩ» አለችኝ። ቀጥላም «እኔስ መልቀቂያዬን ላስገባ ነው»። ስለ ደሞዝ አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

ይሄ ነገር በጥናት ዓለም ስም አለው፣ የሥራና የቤተሰብ ግጭት ይባላል። ግጭት ሲባል ባልና ሚስት ተጣሉ ማለት አይደለም። አንድ ሰው ሠራተኛም ወላጅም ሲሆን የአንዱ ቦታ ኃላፊነት የሌላውን እንዳይወጣ ሲያደርገው ነው። ግሪንሃውስና ቢውቴል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ጽሑፍ በሦስት ከፍለውታል። አንዱ የጊዜ ነው፣ ለእሱ ከላይ ያለው ታሪክ ይበቃል። ሁለተኛው የድካም ነው፤ በሰዓቱ ቤት ትገባለህ፣ ግን ተሟጠህ ነው የገባኸው፣ ልጅህ ደብተሩን ይዞ ሲመጣ «ነገ» ትለዋለህ። ሦስተኛው የጠባይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያዝ የዋለ አለቃ ቤቱ ገብቶም በዚያው ድምፅ ሚስቱን ልዘዝ ሲል።

ቤትም በተራው ሥራን ይረብሻል። ግን ሰዎች አብዝተው የሚያማርሩት ሥራ ቤትን ሲረብሽ ነው፤ ቤተሰብን «ትንሽ ታገሱኝ» ማለት ይቻላል፣ አለቃን ማን ይላል? ደግሞ እኛ ዘንድ ቤተሰብ ባልና ሚስትና ልጅ ብቻ መች ሆነና። የአክስት ልጅ ሆስፒታል ተኝቶ አስታማሚ ይፈለጋል፣ የእድር ለቅሶ አለ፣ ብትቀር መንደሩ ይፈርድብሃል።

ታዲያ ከዚህ ወደ «ልልቀቅ» እንዴት ይደረሳል? በአንድ ጀምበር አይደለም። መጀመሪያ ድካም ይመጣል፣ ከዚያ ጸጸት (ክፉው ይሄኛው ነው፣ ሥራ ላይ ሆነህ ስለ ቤት፣ ቤት ሆነህ ስለ ሥራ እያሰብክ ትውላለህ)፣ ከዚያ ትወደው የነበረው ሥራ ይጎመዝዝሃል፣ ሳታስበው ቴሌግራም ላይ የሥራ ማስታወቂያ ማገላበጥ ትጀምራለህ። ብዙዎቹ ጥናቶች የሚለኩትም ይሄን ፍላጎት ነው እንጂ መልቀቁን አይደለም። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጅማ ውስጥ ሥራ እንደ ቡና ከዛፍ አይለቀምም፣ ስለዚህ ብዙው ሰው አይለቅም፤ ልቡ ሄዶ አካሉ ወንበሩ ላይ ይቀራል። አለቆች «እኛ ጋ ሰው አይለቅም» ብለው ሲኩራሩ ስሰማ ሳቄ ይመጣል።

አንድ የገረመኝ ነገር አለ። እነ ፖል ስፔክተር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት የብዙ አገሮች ጥናት፣ ግጭቱና የመልቀቅ ፍላጎቱ የሚያያዙበት ገመድ እንደ አሜሪካና እንግሊዝ ባሉ አገሮች ጠንክሮ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ ላላ ብሎ ተገኝቷል። ሥራ ለቤተሰብ ተብሎ የሚከፈል መሥዋዕትነት ተደርጎ በሚታይበት ቦታ ሰው ቢያመሽም ሥራውን ቶሎ አይቀየምም ነው ነገሩ። ለእኛም የሚገጥም ይመስለኛል፣ «ለእናንተ ብዬ አይደል!» የማይል አባት አላውቅም። ለእናት ግን ይሄ ሰበብ እኩል አይሠራላትም። እሱ ሲያመሽ «ለቤቱ ይለፋል»፣ እሷ ስታመሽ «ልጇን ለሠራተኛ ጥላ»።

ሕጉስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ሚስቱ ለወለደችለት አባት የሚሰጠው ፈቃድ ግን 3 ቀን ነው። ሦስት ቀን! የገንፎው እንግዳ እንኳ ተመላልሶ አያልቅም።

ያቺ ባልደረባዬ በኋላ እናቷን ከአጋሮ አስመጣች። ደሞዙ ያው፣ አለቃው ያው፣ ሾርቱም አልቀረ፣ ግን የመልቀቂያው ወሬ ጠፋ፣ እንዲያውም ቡና ጋብዛን ትስቅ ጀመር። ኅዳር ላይ የቡና ለቀማ ደርሶ እናቷ ወደ አጋሮ ሲመለሱ ወሬው በሳምንቱ ተመልሶ መጣ።