በሰሜን ሸዋ አሮጌ ፎር ዊል መስራትና መንዳት

ሰሜን ሸዋ ውስጥ አሮጌ ፎር ዊል ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ወይ ላንድሮቨር ነው ወይ 40 ሲሪዝ ላንድ ክሩዘር። ላንድሮቨሩ እ.ኤ.አ ከ1948 እስከ 1985 ሲሪዝ አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት እየተባለ የወጣው ነው፣ ክሩዘሩ ደግሞ ጃፓን ውስጥ ከ1960 እስከ 1984 የተመረተው። ብዙዎቹ የመስሪያ ቤት ወይ የእርዳታ ድርጅት መኪና ሆነው ኖረው በጨረታ የወጡ ናቸው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ጭራሽ እንዳይገባ ተከለከለ፣ ስለዚ ያለው አማራጭ እዚሁ ያለውን ፈታቶ መስራት ነው፣ ዕቃው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል።

ስራው ከሻንሲው፣ ማለትም ቦዲው ከሚያርፍበት ዋናው ብረት ይጀምራል። የላንድሮቨር ቦዲ አሉሚኒየም ስለሆነ እንደ ብረት አይዝግም፣ ገዢን የሚሸውደውም እሱ ነው፣ ላዩ አምሮ ስሩ ግን ጭቃ የሚቋጥርበት ቦታ፣ በተለይ የኋላ ባሌስትራው የሚታሰርበት ጋ ተበልቶ ታገኘዋለህ። ደህና መካኒክ ስር ገብቶ በትንሽ መዶሻ ነካ ነካ እያረገ ይሄዳል፣ ጤነኛው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተበላው ድፍን ይላል፣ አንዳንዴም መዶሻው ዝገቱን ቀዶት ይገባል። እዛ ላይ ላሜራ ለጥፎ ቀለም መቀባት ራስን ማታለል ነው፣ ተቆርጦ ወጥቶ ወፍራም ብረት መበየድ አለበት።

ሞተር ላይ የክሩዘሩ 2ኤፍ የሚባለው 4.2 ሊትር ቤንዚን ጉልበቱ ጥሩ ነው ግን ይጠጣል፣ በሱ ፋንታ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 2ኤች ናፍጣ ይገባል፣ አቅም ያለው 1ኤችዜድ ያስገባል። ሲቀየር የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መግጠም አለበት፣ አለዚያ ቦሎ ላይ ጣጣ ነው። ሁለቱም ናፍጣዎች ቱርቦ፣ ማለትም አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ዕቃ የላቸውም፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ አካባቢ ጉልበት ያጣል፣ ጣርማበር ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆንክ ሲሶው ገደማ ሄዷል ማለት ነው። ይሄን ሳያውቅ የናፍጣ ፖምፓውን ክፈትልኝ የሚል ሹፌር አለ፣ የሳሳው አየሩ ነው እኮ፣ ናፍጣ ሲጨመር ትርፉ ጥቁር ጭስና ሙቀት ነው።

ልጆቹ በጣም የሚወዱት ከፍ ማድረግ ነው፣ ባሌስትራውን ከአክሱሉ ስር አውጥቶ ከላይ ማስቀመጥ ምናምን። መኪናው ከ10 ሴንቲ በላይ ከፍ ይላል፣ ያምራል፣ ግን የመንዝ መንገድ ጎን ለጎን ዘንበል ያለበት ብዙ ነው፣ እዛ ላይ ከፍታ ጠላት ነው።

እኔን ከጠየቃችሁ ብሩ ፍሬን ላይ ይዋል። ከጣርማበር በደብረ ሲና አድርገህ ሸዋ ሮቢት ስትወርድ 1300 ሜትር አካባቢ ትደርሳለህ፣ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ያለውም ቁልቁለት እንደዛው ነው። ላንድሮቨሩና የድሮዎቹ ክሩዘሮች አራቱም እግር ከበሮ ፍሬን ነው፣ ከበሮ ደግሞ ሲግል መያዝ ያቆማል፣ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው ግን አይቆምም። ለክሩዘሩ መፍትሄው የ60 ሲሪዝ ክሩዘር የፊት አክሱል ከነዲስኩ መግጠም ነው፣ እስከዛ ድረስ ግን ከላይ ጀምሮ በከባድ ማርሽ፣ ጠጠሩ ላይ በፎር ሎው (በፎሩ ከባድ ማርሽ)፣ ሞተሩ እየያዘው መውረድ። አስፋልት ላይ ፎር አይገባም፣ ማርሹን ያስጨንቀዋል።

ክረምት ላይ ጉዳዩ ዋልካ፣ የሚያጣብቀው ጥቁር አፈር ነው። ጎማው ጥርሱ በጭቃ ከተሞላ አለቀለት፣ ስሩ ጠንካራ ከሆነ ጠባቡ 750 ባለ 16 ጎማ ጭቃውን ቀዶ መሬት ይነካል፣ ሰፊው ግን ጭቃው ላይ ይንሳፈፋል። የፊት ጎማውን ከአክሱሉ ጋር የሚያያይዘው ሎክ ሃብ ጭቃው ውስጥ ሳትገባ ነው የሚታሰረው፣ ከገባህ በኋላ እስከ ጉልበት ሰምጠህ በእጅ ማዞር አለ። ፎር ቢገባም ጉልበቱን ለግራና ቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ዲፍረንሻል ሎክ ከሌለው አንድ የፊትና አንድ የኋላ ጎማ ብቻ ሲሽከረከር ታያለህ፣ ያኔ ጋዝ መስጠት ጉድጓድ መቆፈር ነው፣ ወርዶ ድንጋይ መደርደር ይሻላል። ለጉዞ ከመውጣት በፊት ደግሞ መንገዱ ሰላም መሆኑን መጠየቅ ግድ ነው።

መንዝ ያለው የጓሳ ጥብቅ ቦታ ላይ ግን ከመንገድ መውጣት የለም። ሳሩን የመንዝ ሰው ከጥንት ጀምሮ ቀሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ስርዓት እየከለለ ለቤት ክዳንና ለገመድ ሲያጭደው የኖረ ነው፣ ቀይ ቀበሮውም እዛው ነው የሚኖረው፣ ስለዚ መኪናው መንገዱ ዳር ይቆማል፣ ሌላው በእግር ነው።