በአፍንጫ በኩል የሚሠራ የፒቱታሪ ኦፕራሲዮን ምንድን ነው?

«አዲስ ግኝት ነው፤ ኦፕራሲዮን እኮ አይደለም፣ በአፍንጫ ሳብ አድርገው ነው የሚያወጡት።» ይህን ያለው ቲክቶክ ላይ ብዙ ተከታይ ያለው ሰው ነው፤ የሚያወራውም ፒቱታሪ ላይ ስለሚበቅል ዕጢ ነው። ፒቱታሪ ከአንጎል ሥር ያለች፣ ሆርሞን የምታመነጭ ትንሽ አካል ናት። ሀዋሳ የማገኛቸው ታካሚዎችም አሁን አሁን «ጠዋት ገብቼ ማታ ሀዋሳ እመለሳለሁ አይደል?» ይሉኛል።

ኦፕራሲዮን ነው። ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጣል፣ አጥንት ይቦረቦራል። የቀለለው መግቢያው ነው እንጂ ሥራው አይደለም።

አንድ የቆርቆሮ ቤት አስቡ። ከጓዳው ዕቃ ለማውጣት ጣሪያውን ነቅሎ መግባት ይቻላል። የራስ ቅልን ከፍቶ መግባት እንዲህ ነው። በአፍንጫ ሲሆን በበሩ ይገባል። አፍንጫው ኮሪደር ነው። ከኮሪደሩ መጨረሻ ስፊኖይድ ሳይነስ የሚባል ባዶ ክፍል አለ። ፒቱታሪ ያለችው ከዚያ ክፍል የኋላ ግድግዳ ጀርባ ነው፤ ግድግዳው ስስ አጥንት ስለሆነ ይከፈታል። እስከዚህ ጥሩ። ግን በግራና በቀኝ ዋናው የውኃ መስመር ያልፋል፤ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት ካሮቲድ የሚባሉት ሥሮች ናቸው። ከላይ የመብራት መስመሩ አለ፤ የዓይን ነርቮች። ዕጢው አድጎ እነሱን ሲጫን ነው ሰው ከጎኑ የሚመጣ ባጃጅ የማይታየው። ከሁሉም በላይ ሮቶው አለ፤ አንጎልን የከበበው ፈሳሽ። ሮቶው ከተቀደደ ውኃው በዚያው በኮሪደሩ ይወርዳል።

ስለዚህ ከኦፕራሲዮን በኋላ ጎንበስ ሲሉ ከአፍንጫ ጠብ የሚል፣ ጨው ጨው የሚል ንጹሕ ውኃ ጉንፋን ነው ተብሎ አይታለፍም። ማጅራት ገትር ሊያስከትል ይችላል። ለሳምንታት አትናፈጡ፣ ከባድ ነገር አታንሱ የምንለውም ለዚሁ ነው።

«አዲስ ግኝት» ላለው፦ መንገዱ አሮጌ ነው። ኸርማን ሽሎፈር ኢንስብሩክ ውስጥ በ1907 እ.ኤ.አ. በዚሁ በኩል ገብቷል፤ ያኔ ግን አፍንጫው ከውጭ ተቀዶ ነበር። አዲሱ፣ ካሜራና መብራት ያለው ቀጭኑ ኢንዶስኮፕ ነው።

እኔ የሆርሞን ሐኪም ነኝና ሌላም ልጨምር። ፕሮላክቲን የሚባል ሆርሞን የሚያመነጭ ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ በኪኒን ይሟሽሻል፤ ካበርጎሊን ይባላል። ይህን የሚለየው የደም ምርመራ ሳይሠራ ስለ ኦፕራሲዮን ማውራት ችኮላ ነው። ካሮቲዱን የከበበ ዕጢም ሙሉ በሙሉ ላይወጣ ይችላል። ትራፊው በኤምአርአይ ይታያል፣ አንዳንዴም ጨረር ያስፈልጋል።

ደግሞ ቶሎ ቤት መግባት ማለት አለቀ ማለት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውኃ ጥሙና ሽንቱ ልክ ሊያጣ ይችላል። ሳምንት ሲሞላው አካባቢ ደግሞ የደም ሶዲየም (ጨው) ሊወርድ ይችላል፤ ያኔ ታካሚው ቤቱ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መደነጋገር ከመጣ ሶዲየም ይለካ።

ሃይድሮኮርቲሶን፣ ማለትም ሰውነት ያጎደለውን ሆርሞን የሚተካ ኪኒን፣ የታዘዘለት ሰው፣ ጾም ነው ብሎም ሆነ ጸበል ገብቻለሁ ብሎ በራሱ አያቋርጥ። ካስመለሰው ወይም ካተኮሰው መጠኑ ይጨመራል እንጂ አይቀነስም። ኪኒኑ ሆዱ ውስጥ የማይቆይለት ከሆነ በመርፌ ስለሚሰጥ፣ እስኪነጋ ሳይጠብቅ ሐኪም ቤት ይሂድ።